ከእሳት የተረፉት የዝናብ መዝገቦች

ሰፈርተኛው «ሚሊ» ይላታል። ስሙ የወጣላት ከሚሊ ሜትር ነው፤ ሰው «ትናንት ጥሩ ዘነበ» ሲል «አሥራ አንድ ነጥብ አራት ሚሊ ነው» ብላ ታርማለችና። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት ኮረብታው ላይ ወዳለው የአየር ጠባይ ጣቢያ ወጥታ መለኪያው ያጠራቀመውን ውሃ አንብባ በመዝገብ አስፍራለች። የታዘዘችው የቀኑን መጠን እንድትጽፍ ብቻ ነበር። እሷ ግን ዝናቡ በስንት ሰዓት እንደጀመረና መቼ እንዳባራም ትጨምርበታለች። ለምን ቢሏት «የቤቴ ቆርቆሮ ይነግረኛል፤ ከሰማሁ አይቀር ብዬ ነው» ነው መልሷ።

ዋናው መሥሪያ ቤት በጀት አጥቶ ጣቢያውን ሲዘጋ ሁለት ሰዎች ተሰናበቱ፤ እሷና ዘበኛው። ዘበኛው ታናሽ ወንድሟ ነበር። እናታቸው ስትሞት የሁለት ዓመት ሕፃን ነበርና አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሥራውንም ያስገኘችለት እሷው።

ሚሊ ጣቢያው ቢዘጋም መውጣቷን አልተወችም። ወንድሟ ሥራ ቢፈልግ ቢፈልግ አጣና ሰው ማናገር አቆመ። «ግድግዳውን በቡጢ ይመታል፤ እስኪደማ» ብላ ነገረቻት ሚስቱ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሚሊ ኮረብታው አናት ስትደርስ ጥቁር ጭስ ተቀበላት። የሽቦ አጥሩ ተቆራርጦ ወድቋል። የማታውቃቸው ሁለት ሰዎች ከመሬት የነቀሉትን የኤሌክትሪክ ገመድ እሳት ላይ ዘርግተው፣ መዳቡን አውጥተው ለመሸጥ ላስቲኩን ያቃጥላሉ። ሦስተኛው ወንድሟ ነው። ከቢሮው ቁም ሳጥን ያወጣቸውን መዝገቦች እየገነጠለ እሳቱ ውስጥ ይጨምራል።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለችው።

«ወደ ቤትሽ ሂጂ እትዬ። አላየሁም በይ።»

«ገመዱን ውሰዱት። መዝገቦቹን ግን ተዉልኝ። ወረቀት ምን ያደርግላችኋል?»

«ለአንቺስ ምን አደረገልሽ? ዕድሜሽን ሙሉ ጻፍሽ፣ እንደ ቆሻሻ ጣሉን» አለና አንድ ሙሉ መዝገብ ወረወረ።

ሚሊ እጇን እሳቱ ውስጥ ሰደደች። መዝገቡን ይዛ ስታወጣው የሹራቧ እጅጌ ነደደ። አንደኛው ሰውዬ ፀጉሯን ይዞ ወደ ኋላ ጎትቶ ጣላት። ከወደቀችበት አጠገብ የተጋደመ አካፋ አገኘች፤ ተነስታ በጠርዙ ጉልበቱን አለችው። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ሁለተኛው በቡጢ አፏን መታት።

መዝገቡን ግን አልለቀቀችም። ያኔ ወንድሟ የንፋስ መለኪያው የቆመበትን ብረት ነቅሎ መጣና ቀኝ እጇን መታ። ደገመ። ሠለሰ። በሦስተኛው ጣቶቿ ተከፈቱ። «እያለቀሰ ነበር የሚመታኝ» ብላለች በኋላ።

የቀሩት መዝገቦች ላይ በሆዷ ተኛችባቸው። ጎኗን በእርግጫ ሲሏትም አልተነሳችም። ከኮረብታው ሥር የነበሩ ድንጋይ ፈላጮች ጭሱን አይተው መዶሻቸውን እንደያዙ ደረሱ። በቡጢ የመታት ሰውዬ አመለጠ። ጉልበቱ የተሰበረውን ግን ጥርሱ እስኪረግፍ ደበደቡት። «በቃ፣ ተዉት» አለች ሚሊ ባበጠ አፏ። ወንድሟ ብረቱን ጥሎ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አልሮጠም።

ሁለት የጎን አጥንቶቿ ተሰብረዋል፤ ክንዷ ተቃጥሏል፤ ቀኝ እጇ ደቅቋል። ዘጠኝ መዝገቦች ነደዱ። ሃያ ሁለቱ ተረፉ።

ወሬውን የሰማች አንዲት ወጣት ተመራማሪ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሆስፒታል ድረስ መጣች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ መዝገቦቹን ስታገላብጥ ቆየችና «ሰዓቱን እንዲጽፉ ማን አዘዘዎት?» አለቻት።

«ማንም። አጠፋሁ እንዴ?»

«ኧረ የለም። አዲስ መሣሪያ መግዣ የለንም። ኮምፒውተራችን የሚተነብየው ሳተላይት ያየውን ደመና ይዞ ነው። ውሃው በስንት ደቂቃ እንደወረደ የሚያውቀው ግን መሬት ላይ ያለ ሰው ነው።»

ተመራማሪዋ ተማሪዎቿን አሰባስባ መዝገቦቹን ገጽ በገጽ ወደ ኮምፒውተር አስገባች። ስህተቱ እዚያ ታየ። ትንበያው ቀኑን ሙሉ የሚያካፋ አድርጎ የሚቆጥረው ዝናብ፣ ከዓመት ዓመት በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚዘረገፍ ዶፍ እየሆነ መጥቶ ነበር። ስሌቱን አረሙት። ፍጹም አልሆነም፤ የነደዱት ዘጠኝ ዓመታት ክፍተት ሆነው ቀሩ። ቢሆንም መሥሪያ ቤቱ ባለችው ትንሽ በጀት ሚሊን መልሶ ቀጠረ፤ በሌሎች የተዘጉ ጣቢያዎች የተጣሉ መዝገቦችንም ማፈላለግ ጀመረ።

ሚሊ ለምስክርነት ፍርድ ቤት የምትቀርብበት ቀን ሲደርስ አክስቷ መጥታ «በገዛ ወንድምሽ ላይ ልትመሰክሪ ነው?» አለቻት።

«እጄን የሰበረው እሱ ነው አክስቴ። ሌላ ሰው ነው ብዬ አልዋሽም።»

አምስት ዓመት ተፈረደበት።

በቀጣዩ ክረምት አንድ ጠዋት፣ በታረመው ስሌት የተሠራ ማስጠንቀቂያ ከመሥሪያ ቤቱ መጣ፤ የወንዙ ዳር ሰፈር ከቀትር በፊት ይውጣ ተባለ። እዚያው የምትኖረው የወንድሟ ሚስት «ሰማዩ ጥርት ብሎ የምን ጎርፍ ነው?» ብላ አሻፈረኝ አለች። ሚሊ በደህናው እጇ ጎትታ አስወጣቻት፤ ልጆቿም እያለቀሱ ተከተሏት። ከሰዓት በኋላ ወንዙ ድልድዩን ሰብሮ መጣ። ግድግዳ ከነመዝጊያው፣ መኪና ከነጭነቱ እየነጠቀ ሄደ። የስፌት መኪናዬን ላምጣ ብሎ የተመለሰ አንድ ልብስ ሰፊ፣ በማግስቱ በአጥር ሽቦ ተተብትቦ ሬሳው ተገኘ። ከዚያ ሰፈር የሞተው እሱ ብቻ ነው።

ሚሊ እስር ቤት ሄዳ ለወንድሟ ነገረችው። ቤቱ መወሰዱን ሲሰማ እጇን አየ። «እጅሽስ?» አላት።

«አይጨበጥም። በግራ ነው የምጽፈው። ፊደሌ ያስቃል።»

እሱ አልሳቀም። «ይቅር በይኝ እትዬ።»

«ገና ነኝ» አለችው። «ልጆችህ እኔ ጋ ናቸው። ትልቋ ትምህርት ጀምራለች።»

የእስር ቤቱ ጠባቂ ሰዓት መድረሱን ሲነግራቸው፣ የያዘችለትን ሳሙናና ካልሲ በፍርግርጉ አቀበለችውና ወጣች።