ስምንት ወር የት ነበርሽ?

ከብቸና ወደ ሞጣ የሚሄደው አውቶብስ ደብረ ወርቅ ላይ ሲቆም ልውረድና ልመለስ ብዬ ቦርሳዬን አንስቼ ነበር። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ "ምነው ልጄ፣ ያምሻል እንዴ? ላብ በላብ ሆነሻል" አሉኝ። የፈራሁት ሥራውን አልነበረም። መርፌ በመውጋትና ቁስል በማጠብ ከማንም አላንስም። የፈራሁት አንድ ጥያቄ ነበር።

በነርስነት አራት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ስምንት ወር ያለ ሥራ ተቀምጫለሁ። ያ ስምንት ወር ወረቀቴ ላይ እንደ ወለቀ ጥርስ ይታያል። ምክንያቱን የምናውቀው እኔ፣ እህቴ፣ የንስሐ አባቴና ሥራ ያስለቀቀችኝ ኃላፊዬ ብቻ ነበርን።

ነገሩ ፔቲዲን ነው፤ ለከባድ ሕመም የሚወጋ፣ ተቆልፎበት የሚቀመጥ ማስታገሻ። መጀመሪያ ወገቤን ሲያመኝ ከበሽተኛ የተረፈውን ግማሽ ብልቃጥ ወሰድኩ። መደፋቱ ላይቀር፣ አልኩ። ቀጥሎ የሚተርፍ ስጠብቅ መዋል ጀመርኩ። በኋላ ደግሞ እኔው ራሴ አስተርፍ ጀመር። እግራቸው የተሰበረ አንዲት እናት ነበሩ። ከታዘዘላቸው ግማሹን ወጋኋቸውና ግማሹን ለራሴ አደረግሁት። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሲያቃስቱ ሰማኋቸው። አንሶላቸውን ላስተካክል ስጠጋ "እጅሽ ይባረክ" ብለው መረቁኝ። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፣ ያን ምርቃት ግን እስከ ዛሬ እፈራዋለሁ።

ኃላፊዬ አንሶላ በሚቀመጥበት ክፍል መርፌው ክንዴ ላይ እንደተሰካ አገኘችኝ። አልጮኸችም። በሩን ዘጋችና "በገዛ ፈቃድሽ ልቀቂ፤ እኔም አላየሁም" አለችኝ። የሥራ ልምድ ወረቀቴ ላይ "በመልካም ሥነ ምግባር ያገለገለች" ተብሎ ተጻፈልኝ። ውሸት እንዲህ ማኅተም ሲመታበት ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

እህቴ ይዛኝ ጠበል ወረደች። የመጀመሪያውን ሳምንት አጥንቴ ተነቅሎ የሚወጣ መሰለኝ። ሌሎቹ ላይ ርኩስ መንፈስ ይጮሃል፤ እኔ ግን ራሴው ነበርኩ የምጮኸው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ አንዲት ጎጆ ተከራይተን ከረምን። ዳንኩ ለማለት አልደፍርም፤ ተውኩት።

ሞጣ አንድ የግል ክሊኒክ ነርስ እንደሚፈልግ የሰማችው እህቴ ናት። ስትሸኘኝ መናኸሪያው ውስጥ ክንዴን ይዛ መከረችኝ። "ማን ጠይቆሽ ነው የምትለፈልፊው? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ከጠየቁሽም ጠበል ነበርኩ በያቸው፤ ውሸት አይደል።"

የክሊኒኩ ባለቤት ጡረታ የወጡ ጤና መኮንን ነበሩ። ዶክተር ባይሆኑም ከተማው በሙሉ ዶክተር ይላቸዋል፤ እሳቸውም ተቃውመው አያውቁም። ወረቀቴን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ጣታቸው መሐል ላይ ቆመ።

"ይህን ስምንት ወር የት ነበርሽ፣ ሲስተር?"

"ጠበል ነበርኩ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። ፊታቸው ሲራራ አየሁት። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ወደ እኛ ከተሞች ገና መግባቱ ነበር። በዚያ ሰሞን አንዲት ወጣት ብዙ ወር ጠበል ነበርኩ ካለች ሰው ሁሉ በልቡ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፣ ደፍሮ የሚጠይቃት ግን የለም። እሳቸው ጠየቁ።

"አይዞሽ ልጄ፣ ዛሬ መድኃኒቱ አለ። ጀምረሻል?"

አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው እሺታ አደረጉት። በሩ አጠገብ ወለል ትወለውል የነበረችው የጽዳት ሠራተኛ ባልዲዋን አንስታ ቀስ ብላ ሄደች።

"እንግዲህ ሥራው እንዳይከብድሽ እናደርጋለን" አሉ። "ማዋለዱና ቁስሉ ለሌሎቹ ይሁን። አንቺ ቁጭ ብለሽ የመድኃኒቱን ክፍል ያዢልኝ።" ከኪሳቸው የቁልፍ ዘለላ አውጥተው ፊቴ አኖሩት። "ፔቲዲኑም ዲያዚፓሙም እዚያው ነው። እስከ ዛሬ ሰው አላመንኩበትም ነበር።"

በደግነታቸው ገደል አፋፍ ላይ አቆሙኝ። እጄ ወደ ቁልፉ ሲሄድ አየሁት፤ ሂድ አላልኩትም። ብናገር ሥራው ይቀራል፣ የሙያ ፈቃዴንም ያስነጥቁኝ ይሆናል፣ ወሬውም ከእኔ ቀድሞ ብቸና ይገባል። ዝም ብል ግን ወር ሳልቆይ ወደ መርፌው እንደምመለስ አወቅሁ። ከዚያ አንድ ሰው አልጋ ላይ ሆኖ ያቃስታል፤ እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ።

"ዶክተር፣ ኤች አይ ቪ የለብኝም" አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። "ጠበል የወረድኩት ፔቲዲን ለመተው ነው። ከበሽተኛ ላይ እየሰረቅሁ እወጋ ነበር። እባክዎ ቁልፉን ከፊቴ ያንሱልኝ።"

ቁልፉን ከማንሳታቸው በፊት ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። ቀድሞ የወጣቸው ቃል "ምነው ኤች አይ ቪው በሆነ!" የሚል ነበር። ውጭ የባሕር ዳር ሚኒባስ ጡሩምባውን ያንባርቃል፤ ሮጬ ገብቼበት ብጠፋ ደስ ባለኝ።

"ፖሊስ ልጥራ ወይስ ልቅጠርሽ?" አሉ በመጨረሻ። የጠየቁት እኔን አልነበረም፣ ራሳቸውን ነው። "ሰኞ ነይ። ታዋልጃለሽ፣ ቁስል ታጥቢያለሽ። የዚያን ክፍል ደፍ ግን እኔ ሳልኖር እንዳትረግጪ።" እጃቸውን ልስም ስጠጋ ሸሹኝ።

ሰኞ ስገባ ሠራተኞቹ ወሬያቸውን አቆሙ። የሻይ ኩባያዬ ከሌሎቹ ተለይቶ፣ እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበት ተቀምጧል። የጽዳት ሠራተኛዋ የሰማችውን ግማሽ ወሬ አዳርሳ ነበር። ዶክተር ክሩን አይተው "ልንገራቸው?" ሲሉኝ "ይተዉት" አልኳቸው። ይህ አይደለም ከተባለ፣ ታዲያ ምንድን ነው መባሉ አይቀርም። በዚያ ኩባያ ዓመት ጠጣሁ። ተመስገን እያልኩ ነው የጠጣሁት።

ከዕለታት አንድ ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ተከትላኝ ገባችና በሩን ዘጋች። ታለቅሳለች። "ያን ክር ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ይቅር በይኝ" አለች። "እኔም እንዳንቺው ነኝ። ስትሠሪና ስትስቂ አይቼ፣ እሷ ከኖረች ብዬ ነው መድኃኒቱን የጀመርኩት። አንቺ ባትኖሪ አልጀምርም ነበር።"

ዶክተር ፊት ከተቀመጥኩበት ቀን የበለጠ ፈራሁ። እውነቱን ብነግራት መድኃኒቱን የምትጥለው መሰለኝ። ስለ ራሴም ፈራሁ፣ ያንንም አልደብቅም።

እንባዋን በሽርጧ ጠረገችና "አንቺስ በስንት ሰዓቱ ነው የምትውጪው፣ ሲስተር?" አለችኝ።

"ጠዋትና ማታ" አልኳት።