የቅቤ ነጋዴዋ ኪኒን

ያን ቀን ቡታጅራ ሲያካፋ አድሮ፣ ጠዋት ጭጋግ ወርዶ ነበር። የባሌ ታላቅ እህት እትዬ ከድጄ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤያቸውን ይዘው ወደ ገበያ ሲሄዱ፣ በቀኛቸው የመጣ ባጃጅ ሊገጫቸው ትንሽ ቀረው። እሳቸው ጭጋጉን ረገሙ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ፤ ባጃጁ ግን ከሩቅ ይታየኝ ነበር።

ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ግላኮማ ነው ተባለ። ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ዶክተር ፈቃደ ካሉት የገባኝ ይህን ያህል ነው። ዓይን ውስጥ ሁልጊዜ ውሃ ይመነጫል። መውጫው ሲጠብ ውሃው ይጠራቀምና የሚያየውን ነርቭ ይጫነዋል። ውሃው እንዲመነጭ የሚያግዝ ኢንዛይም የሚባል ነገር አለ፤ ያዘዙላቸው ኪኒን እሱን ያግዳል።

«የጠፋውን አይመልስም፤ የቀረውን ግን ያቆይልዎታል። እንዳያቋርጡ» አሏቸው።

ሁለት ሳምንት እንደዋጡ ጣታቸው ይነዝራቸው ጀመር። የቀመሱት ሁሉ ብረት ብረት አላቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ይችለዋል። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅቤ የገዙት በጣትና በምላስ ነው፤ አሽተው፣ ቀምሰው፣ ሙዝ የተቀላቀለበትን ከነባለቤቱ የሚያባርሩ ሴት ናቸው።

አንድ ቀን ክትፎ ቤት ያላት ሳሌሃ ቅቤ ይዛ መጣች።

«እትዬ ከድጄ፣ ደንበኛዬ ‹ክትፎ አዝዤ ሙዝ አበላሽኝ› አለኝ እኮ!»

ገበያተኛው ሳቀ።

«የኔን ቅቤ?»

«ታዲያ የማንን? እንኩ ይቅመሱት!»

ቀመሱት። ደጋግመው ቀመሱት። ምንም እንዳልለዩ ከፊታቸው አየሁ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት «ኪኒኑን ዋጡ?» ስላቸው «አልሃምዱሊላህ» ይሉኛል። መልስ መስሎኝ አልፈው ነበር። ዓይናቸውን አያማቸው፤ ምላሳቸውም ተመለሰ፤ ሳሌሃም ተመለሰች። ደህና የሆኑ መሰለን።

ከወራት በኋላ በቀትር ፊታቸውን ሲታጠቡ ሳሙና ግራ ዓይናቸው ገባና ጨፈኑት።

«መብራት ሄደ እንዴ?» አሉኝ።

ደጅ ላይ ነበርን፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ያልዋጡትን ኪኒን አሮጌ የቅቤ ቅል ውስጥ አገኘሁት። ይዤያቸው ስሄድ ዶክተሩ አልተቆጡም። «እማማ፣ ምነው ምላሴን አስቸገረኝ ቢሉኝ? የዚሁ ዓይነት መድኃኒት በጠብታም አለ፤ እንደ ኪኒኑ ጣትና ምላስ አይነካም።»

«ዓይን ሐኪም ዘንድ ስለ ምላስ ይወራል እንዴ፣ ልጄ?» አሉ እትዬ ከድጄ።

እኔም አብሬያቸው ተቀምጬ ነበር። እኔም አላሰብኩትም። ምን ይደረጋል፣ የሄደው ሄዷል።

ዛሬ እትዬ ከድጄ ቀኝ ዓይናቸው አያይም። ጠብታውን በየቀኑ በሰዓቱ እኔ አደርግላቸዋለሁ፤ በግራ ዓይናቸው እያዩ እዚያው ቦታቸው ላይ ቅቤ ይሸጣሉ።