ከዘንጉ በታች

በእኛ ሰፈር የልጆች የእግር ኳስ ውድድር ላይ የልደት ወረቀት የሚጠይቅ የለም። ጺሙን ተላጭቶ የሚመጣ «የአሥራ ሦስት ዓመት» አጥቂ ደጋግመን ስላየን በወረቀት ማመን ካቆምን ቆይተናል። ስለዚህ ሁለት እንጨት ይተከላል፣ በላያቸው ዘንግ ይጋደማል፣ ተጫዋቹ በሥሩ ያልፋል። ጭንቅላቱ ዘንጉን ካልነካ ልጅ ነው። ከነካ ትልቅ ሰው ነው፤ ይግባኝ የለውም።

እኔ ደግሞ ሰባተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት እንደ ባሕር ዛፍ ተመዘዝኩ። ከ18 ማዞሪያ ወረድ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ የሚሠለጥነው ቡድናችን ውስጥ ያለሁት ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የቀኝ መስመር አጥቂ። ጨርቅ ነጋዴዋ እናቴ የትምህርት ቤት ቀሚሴ ጉልበቴ ላይ መቅረቱን ያየች ዕለት ኮስተር አለች።

«ስሚ፣ አንቺ ደርሰሻል» አለችኝ። «ከወንድ ጋር መሬት ለመሬት መንከባለል ይብቃሽ።»

ለመንኳት፣ አለቀስኩ፣ አክስቴን አማላጅ ላክኩ። በመጨረሻ እንዲህ ስትል ቆረጠች፤ «ዘንጉ ልጅ ነሽ ካለሽ ተጫወቺ። ካላለሽ ግን ኳስ የሚባል ነገር እንዳታነሺብኝ፤ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ወደ ሱቅ ነው።» እናቴ አንዴ ከተናገረች አትመለስም።

አሰልጣኛችን ኮሌጅ ውስጥ የስፖርት ሳይንስ የሚማር ወጣት ነበር። ዓመቱን ሙሉ ያስተማረን ቀጥ ብሎ መቆምን ነው። «ተጠንቀቅ!» ሲል ተረከዝ ይገጥማል፣ ደረት ይነፋል፣ አገጭ ቀና ይላል። የዘገየ ሜዳውን ይዞራል። እኔ ስለምዘገይ ሜዳውን በደንብ አውቀዋለሁ። ውድድሩ ሲቃረብ ግን ትምህርቱ ተገለበጠ።

«አሁን ደግሞ ማጠር እንማራለን» አለን፣ ቅንጣት ሳያፍር።

ማጠርም ሙያ ነው። ጉልበት በሰፊ ቁምጣ ውስጥ ይታጠፋል፤ ቂጥ ግን ወደ ኋላ አይወጣም፣ ያስነቃል። ትንፋሽ ይለቀቃል፣ ትከሻ ይወርዳል፣ አንገት ይሰበሰባል። ፊት ላይ ፈገግታ መኖር አለበት፤ የተጨነቀ ልጅ ይጠረጠራል። ኳስ እየገፋን በምንሽሎኮሎክባቸው ባዶ የውሃ ፕላስቲኮች መካከል ጎንበስ ሳንል አጥረን ስንመላለስ ከረምን። ጭኔ እንደዚያ ጊዜ ጠንክሮ አያውቅም፤ ማጭበርበር ጥሩ የእግር ስፖርት ነው። ከወንድሜ ላይ ጉልበት የሚሸፍን ቁምጣ ሞጨለፍኩ። ሹሩባ የምትሠራኝን ጎረቤታችንን ደግሞ አናቴ ላይ ምንም ነገር እንዳይቆም አደራ አልኳት። «ፀጉርሽን ልሥራው ወይስ ልስፋው?» አለችኝ።

የልኬቱ ቀን ሲያካፋ አደረና ሜዳው ጭቃ ሆነ። ለኪው ግማሹን ሰፈር ያስተማሩ የቀድሞ የስፖርት መምህር ነበሩ፤ ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ከእኛ በፊት የተለካው ቡድን በሙሉ ጉልበቱን የሚያመው ይመስል ነበር። እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነው። እናቴ ሱቋን ዘግታ፣ ጃንጥላዋን ይዛ ሜዳው ዳር ቆማለች። ስወድቅ በዓይኗ አይታ ነገሩን ልትጨርሰው የመጣች መሰለኝ።

ተራዬ ደረሰ። እንደተማርኩት አጠርኩ፣ ፈገግ አልኩ፣ ዘንጉ ሥር ገባሁ። በእኔና በዘንጉ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

«ጎበዝ» አሉ ጋሼ ለስለስ ብለው። «እዚያው ቁሚ እስቲ።» ከዚያ በድንገት፣ በዚያ በድሮው የሰልፍ ድምፃቸው፣ «ተጠንቀቅ!» ብለው አምባረቁ።

እኔ አልታዘዝኩም፤ የታዘዘው ገላዬ ነው። ተረከዜ ገጠመ፣ ደረቴ ተነፋ፣ ዘንጉ በአናቴ ተመትቶ ጭቃው ላይ ወደቀ። አሰልጣኛችን ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ከተቃራኒ ቡድን ደጋፊዎች አንዱ ጎረምሳ፣ «ይቺማ ሴትዮ ናት! ባሏን ጥሩልን!» ብሎ ጮኸ። ከዘንጉ ይልቅ ይህ አመመኝ። እንባዬ መጣ። ቀና ስል እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ በጭቃው ውስጥ ወደ እኔ እየመጣች ነው። ክንዴን ይዛ ወደ ሱቅ ልትወስደኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

አልፋኝ ሄደች።

«ማንን ነው ሴትዮ የምትለው?» አለችው ጎረምሳውን፣ ጃንጥላዋን ደረቱ ላይ ቀስራ። «ይቺ ሕፃን ናት! ዛሬም አፍንጫዋን የምጠርግላት እኔ ነኝ!» መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን ወደ ለኪው ዞራለች።

«ጋሼ፣ በስንት ነው የበለጠችው?»

«በሁለት ጣት።»

«ኧረ ይፍሩ! አንዱ ሹሩባው ነው።»

«ሹሩባውማ ተኝቷል፣ እመቤቴ።»

«እሺ፣ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ እንጨቶቹ ጭቃ ውስጥ ሰምጠዋል። እሱን አያስቡልኝም? አንድ ተኩል ጣት ከፍ ያድርጉልኝ፤ ግማሿን እኔ ልተው።»

ጋሼ ዘንጉን ከጭቃው አነሱ። እንጨቶቹን አዩ፣ ጉልበታቸውን አጥፈው ተራ የሚጠብቁትን ልጆች አዩ፣ ሳቃቸው መጣ። «ለሁሉም ከፍ ይላል እንግዲህ» ብለው ዘንጉን ሰቀሉት። የተሰለፉት ልጆች እፎይ ሲሉ የሁሉም ቁመት ባንዴ ጨመረ።

«እንደገና እለፊ» አሉኝ።

በእናቴ አጠገብ ሳልፍ፣ ሳታየኝ፣ በጥርሷ መካከል፣ «ጉልበትሽን እጠፊ እንጂ፣ አንቺ ጅል!» አለችኝ።

አጥፌ አለፍኩ።

ጨዋታው እንደተጀመረ ወደ ሱቋ የምትመለስ መስሎኝ ነበር። ቆየች። ከእኔ በአንድ ራስ የሚያጥር ተከላካይ በትከሻው ገፍቶ ጭቃው ላይ ሲጥለኝ፣ የእናቴ ድምፅ ከሜዳው ዳር መጣ።

«ኧረ በሕግ! ሕፃን ልጅ አትግፋ!»

ሜዳው እንደገና ሳቀ። እኔ ግን የዚያን ቀን ያህል እናቴን ወድጃት አላውቅም።