አራት ነጥብ አራት አምስት

የወንድሜ የመጨረሻ ልጅ ወረታ ከተማ እኔ ዘንድ ሆና ትማራለች። ትናንት የቤት ሥራዋን እየሠራች፣ "አክስቴ፣ 4.48 መጀመሪያ 4.5፣ ከዚያ 5 ይሆናል አይደል?" ስትለኝ የጭቃና የጠመኔ ሽታ ድንገት መጣብኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ሁሉ ውኃ ሆኗል። በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ የተሰበሰቡት አባወራዎች እግራቸው እስከ ጉልበት ጥቁር ጭቃ ነው። ከሃያ አባወራ አንድ ጎልማሳ ለጦሩ ይሰጣል ተባለ። እኛ ሰማንያ ዘጠኝ አባወራ ነን። የማኅበሩ ጸሐፊ ሰሌዳው ላይ ለሃያ አካፍሎ 4.45 አገኘ። እሱን ወደ 4.5፣ 4.5ን ደግሞ ወደ 5 አጠጋጋው። ዕጣው ሲወጣ በአምስተኛነት የተጠራው ወንድሜ ነበር። አባቴ እጄን ጨምቆ ያዘኝ።

የሒሳብ መምህራችን ከኋላ ተነሡ። ጸሐፊውንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

"ልጄ፣ ሁለት ጊዜ አይጠጋጋም። ከነጥቡ ቀጥላ ያለችውን ብቻ እያት። አራት ናት፤ ከአምስት ታንሳለች።"

ጸሐፊው አፍሮ 5ን በእጅጌው አጠፋና 4 ጻፈ። የማኅበሩ ሊቀ መንበርም ሰሌዳውን አይቶ የወንድሜን ስም ከዝርዝሩ ሰረዘ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ውኃው መሃል ቆመ። "ተመስገን!" አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ "አራተኛውስ የሰው ልጅ አይደል?" አለ። ማንን እንደሚጠይቅ አልገባኝም። እኔ በደስታ ውኃውን እያንቦጫረቅሁ እሮጥ ነበር።

"አራት ነው" አልኳት ልጅቱን። ያኔ አምስት ቢሆን ኖሮ ጠያቂዋም አልነበረችም።