የጣሰው የዓሣ ቆጥ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እኔ መጻፍ የሚገባኝ ሰው አይደለሁም። ፊደል የለየሁት ካደግሁ በኋላ በማታ ትምህርት ነው፤ ረጅም ነገር ስጽፍ እጄን ያልበኛል። የጣሰውን ነገር የሚጽፍለት ሌላ ሰው ስላጣሁ ነው የደፈርኩት። የተሳሳትኩት ካለ በአላዋቂነቴ እለፉት።

ጣሰው የሰላ ድንጋይ ሰው ነው። ደብረ ብርሃን የገባው ጎልማሳ ሆኖ ነው፤ መጀመሪያ ሸክም፣ ወገቡ እንቢ ሲለው ደግሞ ዘበኝነት ይሠራ ነበር። ሚስት አላገባም። አንዲት ልጅ ወድዶ ሽማግሌ ልላክ አልላክ እያለ ሲያመነታ፣ ልጅቷ ተድራ ወልዳ ክርስትና ጠሩት ይባላል። እንዲህ ያለ ሰው ነው። ሰው ፊት ሲናገር ቃሉ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀርበታል።

የሚኖረው በታናሽ እህቱ በመነን ግቢ፣ ከኋላ ባለችው ሰርቪስ ቤት ነበር። የመነን ባል ይትባረክ አናጢ ነው፤ የሰፈሩን ግማሽ ጣሪያ የመታው እሱ ነው። መነን ድሮ ወንድሟን "ጋሼ" ነበር የምትለው። ከተማው ውስጥ ፋብሪካ በዝቶ የቤት ኪራይ ሲወደድ ግን "ጋሼ" ቀረና "አንተ" ብቻ ሆነ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው መቼም።

ዓሣዎቹ የመጡት እንዲህ ነው። ጣሰው ዘበኛ በነበረበት ግቢ ሚኪያስ የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር ተከራይቶ ይኖር ነበር። መምህሩ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር፣ ቤቱ ውስጥ የነበረውን የዓሣ መስታወት አቅፎ ወጣና፣

"ጋሽ ጣሰው፣ እነዚህን መንገድ ላይ ብርድ ይፈጅብኛል። እርስዎ ጋ ይቅሩ" አለው።

ጣሰው እንቢ ማለት አያውቅም፤ ተቀበለ። የጣት አንጓ የሚያህሉ፣ ጭራቸው እንደ ቀለም የነከሩት ጨርቅ የሚርገበገብ ዓሣዎች ናቸው። እንቁላል አይጥሉም፤ ነፍስ ያለው ልጅ ነው የሚወልዱት፣ ያውም እንደ ጉድ። ዓመት ሳይሞላ መስታወቱ ጠበባቸው። ጣሰው ከመስታወት ቆራጮች ደጅ ስብርባሪ እየለመነ፣ በሲሊኮን እያጣበቀ ሌላ ገንዳ ሠራ። ከዚያ ሌላ። በኋላ ከበር እስከ አልጋው ያለው ወለል ሁሉ ውሃ የያዘ መስታወት ሆነ፤ እሱ በመካከሉ በእግር ጣቱ ነበር የሚሄደው።

ጣሰው ጠጋ ሲል ዓሣዎቹ ሁሉ ከያሉበት ተንጋግተው ወደ መስታወቱ ይመጣሉ። በዚያ ግቢ ሲቀርብ ወደ እሱ የሚመጣ ሌላ ነፍስ አልነበረም።

ኅዳር ሲገባ የመነን የሚካኤል ማኅበር ተራዋ ደረሰ። ይትባረክ ሰርቪሱ ደጃፍ ቆሞ በጫማው አፍንጫ አንዱን ገንዳ ነካ አደረገና እንዲህ አለ።

"ለማኅበሩ ይቺን ክፍል እፈልጋታለሁ፤ እልፍኙ አይበቃም። ይህን ጉድህን ከወለል አንሣው። ከፍ አድርገህ ሰቅለህ ማኅበሩ በደህና ካለፈ፣ በጋውንም ክረምቱንም እዚሁ ኑር፣ ቃሌ ነው። ካልሆነ የሰላ ድንጋይን መንገድ ታውቀዋለህ።"

"ዓሣዎቹስ?" አለ ጣሰው።

"ዓሣ ውሃ አያጣም። ወንዝ ሞልቷል።"

ወንዙ ጧት ጧት ውርጭ የሚጋገርበት ነው። ለእነዚያ ፍጥረታት ሞት እንደሆነ ጣሰው ያውቃል። ስለዚህ መደርደሪያ ሊሠራ ቆረጠ።

እንጨቱን የሰጠው ይትባረክ ራሱ ነው። ከሽንት ቤቱ ጀርባ የነበረውን ባሕር ዛፍ በዚያው ሰሞን አስቆርጦት ነበርና "ከዚያ ውሰድ" አለው። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ግን በላስቲክ የተሸፈነ ደረቅ አጠና ተደርድሯል።

"ከዚህኛው ብወስድ…" አለ ጣሰው።

"እሱ የሰው ነው።"

ጣሰው መደርደሪያ አይቶ አያውቅም፤ ቆጥ ግን ያውቃል። በአገሩ እህል የሚሰቀልበትን ቆጥ ከአባቱ ጋር ሠርቷል። ቆጥ በእርጥብ እንጨት ይሠራል፤ ነገር ግን በልጥ ነው የሚታሰረው። እንጨቱ እየደረቀ ሲጠብ ልጡም አብሮት እየደረቀ ይጨመድደዋል፤ ቢጣመምም አይለቀውም። ይህንን እያሰበ ከባሕር ዛፉ ላይ ልጡን ልጦ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈው።

ይትባረክ አየና ሳቀ። "ልጥ? የበግ በረት ነው እንዴ የምትሠራው? የማኅበር ሰው ገብቶ ሊያየው ነው እኮ።" እፍኝ ሙሉ ምስማር ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። "ከተማ ነህ፤ በምስማር ምታው።"

ጣሰው አፈረ። አናጢ ከሚለው በላይ እኔ ምን አውቃለሁ አለ በልቡ። ልጡን ከባልዲው አውጥቶ ከአጥሩ ወዲያ ጣለው።

መዶሻ ይዞ ሰንብቶ ሦስት ደርብ ያለው ነገር አቆመ። ቋሚዎቹ ወፋፍራም፣ ማገሮቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። መጀመሪያ ራሱ ወጥቶ ተቀመጠበት፤ አልነቃነቀም። ከገንዳዎቹ ሥር እንዳይቆረቁር የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ አነጠፈ። ውሃውን በጣሳ በጣሳ እየጨመረ፣ በእያንዳንዱ ጣሳ ጆሮውን እንጨቱ ላይ እየለጠፈ ሞላው። ቆመ። ዓሣዎቹ ከላይ እስከ ታች እንደ ሱቅ ዕቃ ተደርድረው ሲታዩ፣ መነን እንኳ ብቅ አለችና "ደህና ነው" ብላ ሄደች። በዚያ ዓመት ከአፏ የወጣችለት ደግ ቃል ያቺው ናት።

ዓሣዎቹ ሙቀት ይፈልጋሉ፤ መብራት ደግሞ ይጠፋል። ስለዚህ ጣሰው በአንዱ ጠርዝ በኩል የከሰል ምድጃ ያስቀምጣል፤ በሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ እየሞላ ገንዳው ውስጥ ያንሳፍፋል። ጥቂት ቀን እንዳደረ እንጨቱ ሲጢጥ ማለት ጀመረ። ጣሰው ይትባረክን ከሥራ ሲገባ ጠብቆ፣

"ይኼ እንጨት ለምንድን ነው የሚጮኸው?" አለው።

ይትባረክ ገባ፣ በምድጃው በኩል ያለውን ቋሚ በመዳፉ ዳሰሰ፣ የምስማሩን ራስ በአውራ ጣቱ ነካ።

"ወይፈንም ቀንበር ሲገባ ያቃስታል" አለ። "ምንም አይደል። ክብደት ሲለምድ ነው።"

ጣሰው እግዜር ይስጥልኝ አለው።

የማኅበሩ ቀን ግቢው በሰው ሞላ። ቄሱና ሽማግሎቹ እልፍኝ ገቡ፤ ቦታ ያጡት በሰርቪሱ ተሰየሙ። ወለሉ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ዳቦው ጥግ ላይ በሰፌድ ተቀምጧል። ቀኑ ብርዳም ስለነበር መነን ከሰል በከሰል ላይ ከመረች፤ የእንግዶቹ እግር እንዳይነካውም ምድጃውን ገፍታ መደርደሪያው ሥር አስገባችው። ዓይናቸው የደከመው አሮጊቷ ወለተ ጊዮርጊስ ሙቀቱን ብለው እዚያው አጠገብ ተቀመጡ። ጣሰው ጠላ እየቀዳ ያስተናግዳል፤ ዓይኑ ግን ከእንጨቱ ላይ አይነሣም። ይቺ ቀን በደህና ካለፈች ቤትም አለው፣ ዓሣም አለው።

ኃይለኢየሱስ የሚባል ሥጋ ነጋዴ ነበር፤ የማኅበሩ ጨዋታ አዋቂ እሱ ነው። አረቄው ሞቅ ሲያደርገው ወደ ገንዳዎቹ ዞረ።

"ጣሰው፣ ልጆችህ እነዚህ ናቸው?"

ጣሰው ፈገግ ለማለት ሞከረ።

"አባታቸውን ይመስላሉ" አለ ኃይለኢየሱስ። "አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ድምፅ የለም።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሌላው ተቀበለ፣ "ለጾም እያደለበ ይሆናል እንጂ።"

"ቢላዋዬን ላምጣ? ግን አንድ ሰው ለማጉረስ መንጋውን ማረድ ሊኖርብኝ ነው።"

"ተዉት እስቲ" አለች መነን ዳቦ እየቆረሰች። "ሌላ ምን አለው።"

ይቺ ከሳቁ ሁሉ የበለጠ ወጋችው። ጣሰው ማንቆርቆሪያውን ይዞ ቆመ።

ኃይለኢየሱስ ሳቁ እንዳይበርድበት ነው መሰለኝ፣ መለኪያውን አንሥቶ "ማኅበር ነው፤ እነሱም ይቅመሱ እንጂ" አለና አረቄውን በመካከለኛው ደርብ ወዳለው ገንዳ ገለበጠው። ዓሣዎቹ እንደተቆጣ ንብ ተሯሯጡ፤ ከዚያ ጎናቸውን እየሰጡ መንጋደድ ጀመሩ።

"አየህ፣ ሰከሩ። እንደ ሰው ናቸው" አለ አንዱ።

"ኧረ ተው… ተው እንጂ" አለ ጣሰው። ማንም አልሰማውም። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጦ ሮጠ፤ ውሃውን ሊቀይርላቸው ገንዳውን ከነውሃው አቀፈና ከመደርደሪያው ሳበው።

ለካ ያ ገንዳ ነበር ጎኑን አስረግጦ የያዘው። በምድጃው በኩል ያለው ቋሚ ደርቆ ተጠማዝዞ፣ ምስማሮቹ እንደ ሕፃን ጥርስ ላልተው ነበር። ክብደቱ ወደዚያ ሲያጋድል ከላይ እስከ ታች ተላቀቁ። ሦስቱም ደርብ እንደ ደከመው ሰው ጎንበስ አለና ወደቀ።

መስታወቱ ደቀቀ። ውሃው ምድጃው ላይ ፈሶ አመድና እንፋሎት ቤቱን ሞላው። እንግዶቹ ልብሳቸውን ሰብስበው ተነሡ፤ ጭሱ ገለል ሲል ሁሉም የሚያየው እግሩን ነው። ጣሰው የያዘውን ገንዳ መሬት አስቀምጦ ተንበረከከ። ዓሣዎቹ ቄጠማው ውስጥ ገብተው አይታዩም፤ ሣሩ እዚህም እዚያም ብቻ ይንቀጠቀጣል። በእጁ እየዳበሰ በሰው እግር መካከል ሄደ።

"እግርህን ትንሽ… እባክህ እግርህን…"

ያነሣለት የለም። ኃይለኢየሱስ ጫማውን አገላብጦ አየና፣ "ይቅርታ፣ ዘመድህን ረገጥኩት" አለ። የሚስቁት አሁን ትንሽ ቀንሰዋል፤ ግን ሳቁ።

"ዳቦውን፣ ዳቦውን አንሡት፣ ረጠበ" ትላለች መነን።

"እግሬ ላይ የሚንፈራገጠው ምንድን ነው?" አሉ ወለተ ጊዮርጊስ።

"ዓሣ ነው፣ እማማ።"

"ነፍሱ አለች?"

"አለች።"

አሮጊቷ ብርጭቆአቸውን ወደ ድምፁ ዘረጉለት። "እንካ። ውሃ ነው፤ እኔ ጠላ አልጠጣም።"

ጣሰው በዚያ ብርጭቆ የቻለውን ለቀመ። አረቄ የጠጡት ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል።

ይትባረክ ድምፁን ሰምቶ ከእልፍኝ መጣ። ወለሉን አላየም፤ በቀጥታ ሄዶ የወደቀውን ቋሚ አንሥቶ አገላበጠው።

"ደህና ቆይቷል" አለ። "እኔ ከዚህ ቀድሞ ይወድቃል ብዬ ነበር።"

ጣሰው እንደተንበረከከ ቀና አለ። "ታውቅ ነበር?"

"አናጢ አይደለሁም እንዴ? እርጥብ ባሕር ዛፍ በምስማር መትተህ ከከሰል አጠገብ ስታቆመው፣ ምን እንዲሆን ፈልገህ ነው?"

"ምስማር ያልኸኝ አንተ ነህ።"

"አንተስ ለምን ሰማኸኝ?" አለና ወደ መነን ዞረ። "እነዚያን ይቺን ክፍል እንከራይ ያሉትን የፋብሪካ ልጆች ነገ ጧት መጥተው ቤቱን ይዩ በያቸው።"

ጣሰው እህቱን አያት። መነን ሰፌዱን ይዛ ወደ እልፍኝ ልትወጣ ነበር፤ በሩ ላይ ስትደርስ፣ ፊቷን ሳትመልስ፣

"ለእኔማ እንደሚወድቅ ነግሮኝ ነበር" አለች። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ አንዱን ላድን ብለህ ሁሉንም ፈጀህ።"

ከዚያ በኋላ ጽዋው እልፍኝ ውስጥ ቀጠለ። ቄሱ ባርከው የሚቀጥለው ተረኛ ማን እንደሆነ ተነገረ።

በማግስቱ ጧት፣ ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ሳለ፣ ጣሰው ፋስ አንሥቶ መደርደሪያውን ፈለጠው። በምድጃው በኩል የነበረው ቋሚ ብቻ እንደ ክብሪት ደርቋል፤ የቀረው ግን ፋሱ ሲገባበት ውሃ ያቀርራል። ፍልጡን አመቻችቶ በመነን ማድ ቤት ደጃፍ ደረደረው፤ ደረቁን ለብቻው ለይቶ ከአጥሩ ወዲያ፣ ልጡን ወደ ጣለበት ወረወረው። ከዚያ የተረፉትን ዓሣዎች በሃይላንድ ጠርሙስ ለብ ካለ ውሃ ጋር አደረገ፣ ክዳኑን በምስማር በሳው፣ ጠርሙሱን ከጋቢው ሥር ሆዱ ላይ አስጠግቶ አሰረው።

በሩ ጋ ሲደርስ መነን ቤት ሊያዩ ለሚመጡት ልጆች ቁርስ ልታበስል እሳት ትጭራለች። ጭሱ ግቢውን አፍኖታል።

"ጋሼ" አለች እያሳላት። "ጋሼ፣ ይኼ እንጨት አይነድም እኮ።"

ጣሰው ቆመ። ዞሮም አያት፤ ዓይኗ በጭስ አልቅሷል።

"እፍ በይበት" አላት። "እሳት ሲለምድ ነው።"

ወደ መናኸሪያ ወረደ። የሰላ ድንጋዩ ሚኒባስ ግማሹ ባዶ ነበር፤ እሱ ግን ሰው ሁሉ የሚሸሸውን፣ ከሾፌሩ ጀርባ ሞተሩ ላይ ያለውን ቦታ ጠየቀ።

"አባት፣ እዚያ ይቃጠላሉ። ኋላ ሰፊ ቦታ አለ" አለው ረዳቱ።

"ግድ የለም" አለ ጣሰው፤ ተቀመጠና ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ጠርሙሱን ወደ ሞተሩ አስጠጋው።