ሁለት ገበያ የጠበቀችኝ ሴት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ታኅሣሥ፣ እዚሁ ወረታ ገበያ ላይ ነው። ሰው መሐል የተነገረኝ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ሐሰት ቢሆን ኖሮ በዚያው ዕለት እረሳው ነበር።

እኔ ጥሩ የምባል፣ እስከ አራተኛ ክፍል የተማርኩ፣ ስድስት የልጅ ልጅ ያየሁ ሴት ነኝ። የስፍር ሌብነት ሳይ ዝም ማለት አልችልም። አንዳንድ የሩዝ ነጋዴ ሁለት ጣሳ አለው። ከገበሬ ሲገዛ በትልቁ፣ ያውም እየነቀነቀ፣ እየጠቀጠቀ፣ እስኪፈስ ቆልሎ ይሰፍራል። ሲሸጥ ትንሹን ያወጣና አፉን በእጁ ጠርጎ ይሰጣል።

ይህን እያየሁ ሦስት ዓመት ሙሉ "እኔ ሱቅ እከፍታለሁ" ስል ኖርኩ። በአንድ ጣሳ ገዝቼ፣ አስፈትጌ፣ በዚያችው ጣሳ ልሸጥ። ጊደሬን ሸጥኩ። ብሩን መቀነቴ ላይ ቋጠርኩ። ለመንገድ ዳሩ ክፍሌ በር አስወጣሁለት። ከዚያ ቆለፍኩት።

መጀመሪያ ፍልሰታ ይፈታ አልኩ። ፍልሰታ ሲፈታ ሜዳው ገና ውሃ ነው፤ ውሃው ይሽሽ አልኩ። ውሃው ሲሸሽ መስቀል ደረሰ። ከመስቀል ወዲያ አጨዳ፣ ከአጨዳ ወዲያ ገና፣ ከዚያ ጥምቀት፣ ከዚያ ሁዳዴ። ዓመቱን ከበዓል በዓል እየዘለልኩ ጨረስኩት። ባለፈው ኅዳር ደግሞ ጉልበቴን አመመኝና ወንዛዬ ፍል ውሃ ልታጠብ ሄድኩ። "ስመለስ እከፍታለሁ" አልኩ። እውነቱን ልናገር? ጉልበቴ ሰበብ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ብከስር ይሳቅብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።

ከወንዛዬ በተመለስኩ ማግሥት ሽንኩርት ልገዛ ገበያ ወጣሁ። ውዴን ደሴ ፊት ቆማ አገኘኋት። ውዴ የቁሐር ሚካኤል ሰው ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ማሳዋን ብቻዋን የያዘች። ደሴ ባለ ሁለት ጣሳው ነጋዴ ነው። ከሁለት የሩዝ ጆንያዋ አንዱን ሰፍሮ ጨርሷል።

"አንተ! ይህ ስፍር ነው ወይስ ዘረፋ?" ብዬ ጮህኩ።

ደሴ ቀና እንኳ አላለም። "እማማ ጥሩ፣ ደኅና ገቡ? ሱቁ ለየትኛው በዓል ይከፈታል?" አለ። ገበያተኛው ሳቀ።

ልመልስለት አፌን ስከፍት ውዴ ቀደመችኝ።

"አንቱስ አይናገሩ። 'ለደሴ እንዳትሸጪ፣ ወደኔ አምጪው' ያሉኝ አንቱ አይደሉም? ሁለት ገበያ አህያ ጭኜ መጣሁ። ሁለት ገበያ ከተቆለፈ በር ተመለስኩ። አሁን ልጄ ታሞ ማሳከሚያ አጣሁ። ደሴ ይሰርቀኛል፤ ግን ሲፈልጉት ይገኛል። የአንቱ ሐቅ የት ነው የሚገኘው?"

ለካ ያ ጣሳ ሲቆለል እኔም አጋዥ ኖሬያለሁ።

ሁለተኛው ጆንያ አልተፈታም ነበር። ሄጄ ላዩ ላይ ተቀመጥኩ።

"ይሄኛው ባንተ ጣሳ አይሰፈርም።"

"ታዲያ በምን ሊሰፍሩት ነው፣ በነጠላዎ?" አለ ደሴ።

አጠገባችን ካለው ቆርቆሮ ሻጭ አንድ ጣሳ ገዛሁና ከፍ አድርጌ ያዝኳት። "እዩዋት! የምገዛባትም የምሸጥባትም ይቺ ናት!" ሰው ከበበን። ውዴ ግን ፊቷ አልተፈታም። "ብሩስ?" አለችኝ።

መቀነቴን እዚያው ፈታሁ። ተንበርክኬ፣ ጉልበቴ እየጮኸ፣ አፉን በመዳፌ እየጠረግሁ ጆንያውን ሰፈርኩ። በደሴ የጣሳ ዋጋ ከፈልኳት። ሁለቱ ጆንያዎች እኩል ነበሩ፤ እኔ የሰፈርኩት ግን በብዙ ጣሳ በልጦ ወጣ። ሲስቅ የነበረው ሰው ደሴን ማየት ጀመረ። ደሴ ሽንጡን ይዞ፣ "ሱቁ ነገ ይዘጋል" አለ።

በዚያው ቀን በሬን ከፈትኩ። መደርደሪያ የለ፣ ሚዛን የለ፣ ያልተፈተገ አንድ ጆንያ ሩዝ ብቻ። ማንም አልመጣም። በነጋታው አስፈትጌ ደጄ ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት ሴት ሁለት ጣሳ ገዛችኝ።

ዛሬ ሱቁ ይሠራል። "ትንሽ ይመርቁልን እንጂ" የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አልመርቅም፤ ለአንዱ ከቆለልኩ ከሌላው መቀነሴ ነው። ተቆጥቶ የሚሄድ አለ። ይሂድ።

የውዴ ልጅ ድኗል። እሷም ሩዟን ወደኔ ታመጣለች። የመጀመሪያውን ጆንያ ጉድለት ልካሳት ብል፣ "የሰረቀኝ እሱ፣ ለምን ከአንቱ እወስዳለሁ?" ብላ እምቢ አለች። አሁንም ያ ጆንያ ይቆጨኛል፤ ዘግይቼ በመጀመሬ ግን አላፍርም።

ደሴ "እስከ ፋሲካ ትዘጋዋለች" ይላል አሉ። ይጠብቅ። እኔ ሦስት ዓመት ጠብቄ ምንም አላተረፍኩም፤ እሱም ይየው።