አስለቃሿና ሁለተኛው ካሴት

አረጋ እማማ ወለተ ሐናን አውቃቸዋለሁ ለማለት አይደፍርም ነበር። እንደ ላስታ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ድምፃቸውን ነው፤ ለቅሶ መሐል ቆመው ግጥም ሲያወርዱ ደረቅ ዓይን አይገኝም። ከዚያ ውጭ ወደ ሙጃ አገር ተድረው እንደነበር፣ ባላቸው ሲሞት ላሊበላ ተመልሰው የበግ ጠጉር እየፈተሉ እንደሚኖሩ ከሰው ሰምቷል።

ሰው ግን ይፈራቸዋል። መርዶ አዝመራ እስኪገባ ወይም ጾም እስኪፈታ ሲደበቅ፣ የሟቹን ሙያና ጠባይ ጠይቀው ግጥሙን እንዲያሰናዱ አስቀድሞ በምስጢር ይነገራቸዋል። መንገድ ላይ «ልጅህ እንዴት ነው?» ያሉት ሰው እንቅልፍ አይወስደውም።

የአረጋ ልጅ ምናለ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ከተወሰደ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል።

በሁዳዴ፣ አንድ ቅዳሜ፣ አረጋ ከገበያ ሲመለስ ስሜነሽ ጠላ ቤት ጎራ አለ። የዘፋኟ የሙሉዬ ሁለተኛ ካሴት ከአዲስ አበባ መጥቷል።

«የፊተኛው ፍቅር ነበር» አለች ስሜነሽ ቴፑን እየከፈተች። «ይሄኛው ከእማማ ወለተ ሐና የተማረችው እንጉርጉሮ ነው አሉ። ጠላዬን በእንባ እንዳታቀጥኑብኝ!»

«ከዚህ ወዲያስ አይቀጥንም» አላት የአረጋ ጎረቤት ደባሱ። ቤቱ ሳቀ።

ሙሉዬ ከቴፑ ማንጎራጎር ጀመረች፦

ጅራፍ ሳያነሣ በፉጨት የሚያርሰው፣
በሬዎቹ ቆሙ፤ ወዴት ሄደ ያ ሰው?

አረጋ ዋንጫውን እንዳነሣ ቀረ። በሬ በፉጨት ብቻ የሚነዳ ከምናለ ሌላ አያውቅም። ቀና ሲል ስሜነሽ ቴፑን ዘግታዋለች።

«ባትሪው ደከመ» አለች።

ባትሪውን ገና አሁን ነው ከማሸጊያው ስታወጣ ያያት። ደባሱም ሳይጠየቅ ዋንጫውን ሞላለት፤ የአረጋን ዓይን ግን ሸሸ። አገሩ ሁሉ አውቆ እሱ ብቻ ቀርቶ ይሆን? ወይስ ክፉ ሐሳብ ነው?

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ እማማ ወለተ ሐና ቤት ሄደ። እንዝርት እያሾሩ አገኛቸው።

«የካሴቱ ግጥም የእርስዎ ነው አሉ።»

«ልጅቷ ለገና መጥታ እዚሁ እግሬ ሥር ተቀምጣ ሰማችኝ። ለቅሶ አይወሰድም ብላት፣ ልማር ብዬ ነው አለች። ይኸው ተማረች!»

«በፉጨት የሚያርሰው ማነው?»

«ላስታ ሰፊ ነው፣ ልጄ።»

«እኔ ግን አንድ ብቻ ነው የማውቀው።»

እንዝርቱ ቆመ። አሮጊቷ ከኋላው በሩን አዩ።

«ብቻህን ነው የመጣኸው?»

«ብቻዬን ነኝ። ሰው ማስከተል ነበረብኝ?» ጎንበስ ብሎ እግራቸውን ያዘ። «እማማ፣ በመድኃኔ ዓለም ይንገሩኝ። ምናለ ሞቷል?»

«እሱን እኔን አትጠይቀኝ፤ መጀመሪያ ጾሙ ይፈታ» አሉና እንዝርቱን መልሰው አሾሩት።